አሮጌውን የቴፕ ድራይቭ ከማስረከባችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በሁለት ከተሞች ቢሮ ኖሯችሁ፣ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍና በመጨረሻም በቴፕ (መረጃ በሚቀዳበት መግነጢሳዊ ክር) የሚያኖር ሥርዓት ለመግዛት ፕሮፎርማ የምትሰበስቡ ሁሉ በእኛ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ዋና ቢሯችን አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፋችን አዳማ ነው። አቅራቢው ድርጅት የሸጠልን ጥቅል ሁለት ሰርቨሮችን፣ ቴፕ ላይ የሚጽፍና የሚያነብ አንድ ኤልቲኦ-8 የቴፕ ድራይቭና አሥር ባዶ ካርትሪጆችን (የቴፕ ካሴቶችን) የያዘ ነበር፤ ኤልቲኦ የቴፕ ዓይነት ሲሆን ቁጥሩ ትውልዱን ያሳያል። እኛን ያጓጓን ግን አሮጌውን የኤልቲኦ-6 ድራይቫችንን ተረክቦ ግምቱን ከዋጋው ለመቀነስ መስማማቱ ነው። አዲሱ ድራይቭ የቀድሞ ቴፖቻችንን በሙሉ እንደሚያነብ ባለሙያው በቃል አረጋገጠልን፤ በውሉ ላይ ግን ስለ አሮጌዎቹ ቴፖች አንድም ነገር አልሰፈረም።

ከርክክቡ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንዲት ባልደረባችን የቆዩ ውሎች ያሉበትን ፎልደር በስህተት አጠፋችው። አዳማ ቅጂ አለ ብለን አልደነገጥንም። ሆኖም አቅራቢው የዘረጋልን ባክአፕ ሳይሆን ግልባጭ ብቻ ነበር፤ በየ15 ደቂቃው አዲስ አበባ ያለውን ወደ አዳማ ይገለብጣል፣ አዲስ አበባ ላይ የጠፋውንም አዳማ ላይ ያጠፋል። የቀደሙ ቅጂዎችን ለተወሰኑ ቀናት የሚያቆየው ቅንብር ጨርሶ አልተከፈተም። ፋይል በሚቆልፍ ቫይረስ ተመትተን ቢሆን ኖሮ፣ የተቆለፉት ፋይሎች በዚያው ሩብ ሰዓት አዳማ ያለውን ቅጂ በተኩት ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

በአዲሶቹ ቴፖች ላይ የመጀመሪያው ቅጂ ገና አልተጻፈም ነበር፤ ምክንያቱም ድራይቩን ከሰርቨሩ የሚያገናኘው የሳስ ካርድ በፕሮፎርማው ስላልተካተተ ለብቻው እስኪገዛ መጠበቅ ነበረብን። ካርዱ በገባ ማግስት የጠፋውን ፎልደር ፍለጋ የቀድሞ የኤልቲኦ-6 ካርትሪጃችንን ስናስገባ ድራይቩ መልሶ ተፋው። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ አንድ ድራይቭ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነብ ነበር፤ ኤልቲኦ-8 ግን የራሱንና የኤልቲኦ-7ን ብቻ ያነባል፣ ኤልቲኦ-9ም ከራሱ ሌላ የሚያነበው ኤልቲኦ-8ን ብቻ ነው፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤልቲኦ-10 ደግሞ ከራሱ በቀር ምንም አያነብም። ይህ በአምራቾች ሰነድ በግልጽ የተጻፈ ጉዳይ ስለሆነ፣ ቴፕ የሚሸጥ ድርጅት አላወቅሁም ሊል አይገባውም።

የቴፕ መጠንም እንዲሁ ነው። ካርትሪጁ 30 ቴራባይት ይይዛል ተብለን ገዛን፤ ይህ ግን መረጃው 2.5 እጥፍ ይጨመቃል በሚል ግምት የተሰላ ሲሆን ትክክለኛው አቅም 12 ቴራባይት ነው። የእኛ ሶፍትዌር ፋይሎቹን አስቀድሞ ጨምቆና መስጥሮ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ አድርጎ) ስለሚልካቸው ድራይቩ ሌላ የሚጨምቀው ነገር አያገኝም። ስለዚህ በአሥር ካርትሪጅ 300 ቴራባይት የተባልነው ወደ 120 ወረደ።

በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለው መስመራችን 20 ሜጋቢት ነው። አቅራቢው 4 ቴራባይት የሚሆነው መረጃችን በሁለት ቀን አዳማ ይደርሳል ቢለንም፣ 20 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ መስመሩ ሌላ ምንም ሥራ ባይሠራ እንኳ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። የመጀመሪያውን ቅጂ በሃርድ ዲስክ ጭኖ በመኪና ማድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

እባካችሁ፣ ድራይቩ የትኞቹን ትውልዶች እንደሚያነብ፣ የካርትሪጁ አቅም ያለ ጭመቃ ስንት እንደሆነና የጠፋ ፋይል ለስንት ቀን ተመላሽ እንደሚሆን በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ እናንተ የመረጣችሁት ፎልደር የአዲስ አበባው ሰርቨር ጠፍቶ ሳለ ከአዳማ፣ ቀጥሎም ከቴፕ ተመልሶ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ይፈጸም። የምስጠራው ቁልፍም በአቅራቢው እጅ ብቻ እንዳይቀር።

አቅራቢው አሮጌውን ድራይቭ ለሌላ ደንበኛ ስለሸጠው ሊመልስልን አልቻለም። አሁን ኤልቲኦ-6ን የሚያነብ የኤልቲኦ-7 ድራይቭ ተከራይተን፣ አሮጌዎቹን ቴፖች አንድ በአንድ ወደ ሰርቨር እየገለበጥን ነው፤ የውሎቹ ፎልደር በአራተኛው ካርትሪጅ ላይ ተገኝቷል።