የወላጆች ቤት ሲሸጥ፦ ደላላ፣ ኤጀንት፣ ጠበቃ ወይስ ሪል እስቴት?

እናታችን ካረፈች ከዓመት በኋላ ጉለሌ ያለውን ቤት ለመሸጥ ተስማማን። ወንድሜ መጀመሪያ የጠራው ቀለም ቀቢ ነበር። ኮርኒሱ ተቀየረ፣ የሳሎኑ ግድግዳ ክሬም ሆነ፣ የግቢው ሳር ታጨደ። ገዢ መጣ። ቤት ውስጥ እንኳን አልገባም። በር ላይ ቆሞ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካና «ካርታው ስንት ካሬ ይላል?» አለ። 320 አልነው። «ይሄ አጥር ከዚያ ይበልጣል» ብሎ ሄደ።

እውነቱን ነበር። ቀያሽ ስናስመጣ 27 ካሬ ትርፍ ወጣ። ነፍሱን ይማረውና፣ አባታችን አጥሩን ባደሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ገፋ እያደረገው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ የወላጆቹን ቤት ሊሸጥ ሲነሳ እኔ ጋ ይደውላል። «ጥሩ ደላላ ታውቃለህ?» ይላል። አውቃለሁ። ግን ደላላ ሦስተኛው ስልክ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ቤት ሲሸጥ በዋናነት ገበያ የሚወጣው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ከሚቀጠሩት ሰዎች ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ለማን እንደሚሻል ጎን ለጎን ላስቀምጠው።

ቀለም ቀቢ ወይስ ቀያሽ?

ገዢዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ አፍርሶ የሚሠራ ነው። ሌላው ገብቶ የሚኖር። የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ቦታው መንገድ ዳር ወይም ሰፋ ያለ ከሆነ፣ የሚመጣው በአብዛኛው አፍራሹ ነው። ለእሱ አዲስ ኮርኒስ ማለት ለማፍረስ የሚጨምር ሥራ ነው። ሳንቲም አይጨምርላችሁም።

ቤቱ ደህና የብሎኬት ቪላ ከሆነና ሰፈሩ የመኖሪያ ከሆነ ግን ትንሽ ማውጣት ያዋጣል። የሚያፈስ ጣሪያ አስጠግኑ። ሽንት ቤቱን አስተካክሉ። የውኃ መስመሩን አስፈትሹ፣ የተንጠለጠለውን የመብራት ሽቦ አስሰብስቡ። ዕቃውን አውጡና ቤቱን ባዶ አድርጋችሁ አሳዩ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። የወጥ ቤት ካቢኔት ቀይሬ ዋጋ እጨምራለሁ የሚል ሻጭ የራሱን ምርጫ ለገዢ ሊሸጥ ነው።

ቀያሽ ግን ለሁለቱም ገዢ ያስፈልጋል። አጥርና ካርታ አለመስማማት የቆዩ ቤቶች የተለመደ በሽታ ነው። ገዢ ካገኛችሁ በኋላ ከምታውቁት ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። ያኔ ልዩነቱን ወይ በክፍለ ከተማው ታስተካክላላችሁ፣ ወይ ከጅምሩ «የምንሸጠው በካርታው ልክ ነው» ትላላችሁ።

ጠበቃ ወይስ ጉዳይ አስፈጻሚ?

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ሽያጭ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ጉዳይ አስፈጻሚ የሚባለው ሰው ወረዳና ክፍለ ከተማ ይመላለስላችኋል። ፋይል ያፈላልጋል፣ ወረፋ ይይዛል፣ የዓመቱን የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ውዝፍ አጣርቶ ያስከፍላል፣ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ያወጣል። ዋጋው ከጠበቃ ይረክሳል። ካርታው በእናንተ በራሳችሁ ስም ከሆነ፣ ፋይሉ ካልጠፋ፣ የሚከራከር ወንድም ከሌለ እሱ ይበቃል።

ካርታው አሁንም በሟች ስም ከሆነ ግን ጠበቃ ያዙ። ቆጥባችሁ አትተርፉም። የተለመደው ታሪክ ይኸውላችሁ። አባት ከ20 ዓመት በፊት ሞቷል። ማንም ውርስ አላጣራም፤ እናት እየኖረች ማን ያነሳዋል? አሁን እናት ስትሞት አንድ ውርስ ሳይሆን ሁለት ውርስ ነው ያለው። የአባት ድርሻ ለማን ሄደ? ከሌላ ቦታ የተወለደ ልጅ አለ? አንዷ እህት ከሞተች ልጆቿ በእሷ ምትክ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ የወራሽነት ማስረጃ ይወጣበታል፤ ነገሩ ከተወሳሰበ ውርስ አጣሪ ይሾማል። ከዚያ በኋላ ነው ስመ ሀብቱ ወደ ወራሾች የሚዞረው።

ጠበቃው ሌላም ነገር ይመለከትላችኋል። በ1967 ዓ.ም ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ ሰርቪሶቹ ወደ ቀበሌ የሄዱበት ጊዜ አለ። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ከኋላ ያሉት ተከራዮች ለማን ነበር የሚከፍሉት? ለቀበሌ ከሆነ ያን ክፍል ልትሸጡት አትችሉም። ገዢም ይህን ሳያውቅ ቀብድ ከከፈለ ተመልሶ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ደግሞ የሊዙ ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ) ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ፣ እንዲይዘው ያደርጋል። ማለትም እናንተ በውርስ ስትወስዱት ነባር ሆኖ ይቀጥላል፣ ገዢያችሁ ግን የሊዝ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ብልህ ገዢ ይህን ከዋጋ ላይ ይቀንሳል። ሲቀንስ «ሊያታልለን ነው» ብላችሁ አትቆጡ።

ጠበቃ ስትመርጡ ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ። ክፍያውን በሽያጩ ዋጋ ፐርሰንት ከሚል ይልቅ ለእያንዳንዱ ሥራ የተቆረጠ ዋጋ የሚሰጠውን እመርጣለሁ፦ ለወራሽነት ማስረጃው ይህን ያህል፣ ለስም ዝውውሩ ይህን ያህል፣ ለሽያጭ ውሉ ይህን ያህል። እኛ ከሁለት ጠበቃ ዋጋ ጠየቅን። አንደኛው «በአንድ ወር እጨርሰዋለሁ» አለ። ሁለተኛዋ የአባታችንን የሞት የምስክር ወረቀት ጠየቀችን። ሁለተኛዋን ያዝን።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች እህት ካለች ይህን ቀድማችሁ ጀምሩ። «ወንድሜን ወክያለሁ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ (በተለምዶ ውልና ማስረጃ የሚባለው መሥሪያ ቤት) ይሄዳል። አንዲት ቃል ጎድላ ወረቀቱ ተመልሶ አትላንቲክን ሲሻገር አይቻለሁ።

የሰፈር ደላላ ወይስ ኤጀንት?

ወረቀቱ ካለቀ አሁን ደላላውን ጥሩ።

የሰፈር ደላላ ትልቁ ሀብቱ ገዢን ማወቁ ነው። ማን ቦታ እየፈለገ እንደሆነ፣ ጎረቤት ማን መስፋት እንደሚፈልግ ያውቃል። በነገራችን ላይ ለትንሽ ቦታ ጥሩው ገዢ ብዙ ጊዜ አጥር የሚጋራው ጎረቤት ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚሠራው ሕንፃ ይለወጣል። በተለምዶ የደላላ ኮሚሽን ሁለት በመቶ አካባቢ ነው፣ ከገዢም ይቀበላል። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ከእናንተ ብቻ 200 ሺህ ነው። ይደራደራል።

ክፉው ጎኑ ለማን እንደሚሠራ አለመታወቁ ነው። ለእናንተ «ጋሼ፣ ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል፤ ለገዢው «ሻጮቹ ቸኩለዋል» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ከእናንተ ዋጋ በላይ ጨምሮ ልዩነቱን ሊወስድ ይሞክራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዋጋ ሲነገር ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ደላላው ይህን ካልወደደ መልሱን አገኛችሁ። ዋናውን ካርታ ደግሞ ለማንም ደላላ እንዳትሰጡ። ኮፒ ይበቃዋል።

ኤጀንት የምለው ቢሮ ያለው፣ ንግድ ፈቃድ ያለው፣ በጽሑፍ ውል የሚያስገባችሁን ነው። ጥሩ ፎቶና ቪዲዮ ያነሳል፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ያወጣል፣ ውጭ አገር ያለ ገዢ ጋ ይደርሳል። ሊኖርበት የሚችል ቪላ ካላችሁ እሱ ይሻላል። አፍራሽ የሚፈልገው የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ለቪዲዮ የሚሆን ነገር የላችሁም፤ ደላላው ይቀድመዋል። ኤጀንቱ «በእኛ በኩል ብቻ» የሚል ውል ካቀረበ ቀነ ገደብ ይኑረው። ሦስት ወር በቂ ነው። ገደብ የሌለው ውል ቤታችሁን ያስረዋል።

ራሳችን ቴሌግራም ላይ ብናወጣውስ? ይቻላል። እኛም ሞክረናል። በሁለት ቀን ውስጥ 40 ሰው ደወለ። 31ዱ ደላላ ነበሩ።

ዋጋውን ማን ይንገራችሁ?

ደላላ የሚነግራችሁ ዋጋ ቶሎ የሚሸጥበትን ነው። ጎረቤት የሚነግራችሁ የሰማውን ነው። ለባንክ ግመት የሚሠራ መሃንዲስ ደግሞ ሕንፃውን አጥብቆ ያያል፣ የሰፈሩን ወሬ ግን ላያውቅ ይችላል። በእኔ አስተያየት ገማቹ የሚያስፈልገው ለገዢ ሳይሆን ለወንድማማቾቹ ነው። አምስት ወራሽ አምስት ዋጋ በጭንቅላቱ ይዞ ሲቀመጥ ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው የጻፈው ቁጥር ጭቅጭቁን ያበርደዋል።

ሌላው ዋጋ የሚሰብረው ፕላን ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምን እንደሆኑ ገዢ ሁሉ አይቷል። የመጀመሪያው ጥያቄው «ልማት ይነካዋል?» ነው። ቦታው በከተማው ፕላን ምን እንደተመደበ ከክፍለ ከተማ ጠይቃችሁ ያዙ። በአፍ «አይነካውም» ማለት ዋጋ የለውም።

ሽያጭ ወይስ ቦታ ሰጥቶ አፓርታማ መካፈል?

ቦታው ሰፊ ከሆነ አንድ አልሚ መጥቶ «አትሽጡት፣ እንሥራና እንካፈል» ይላል። በወረቀት ላይ ከሽያጭ የሚበልጥ ይመስላል። አንዳንዴም ይበልጣል። ሁሉም ወራሽ ሌላ መኖሪያ ካለው፣ ለጥቂት ዓመት ገንዘብ ካላስፈለገው፣ አልሚው ከዚህ በፊት የጨረሰውን ሕንፃ ወስዶ ካሳያችሁ አስቡበት።

ውሉ ላይ ግን ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። እስኪያልቅ የቤት ኪራያችሁን ማን ይከፍላል? ቢዘገይ በየወሩ ቅጣቱ ስንት ነው? ካርታውን ባንክ አስይዞ ሊበደርበት ይችላል? ሦስተኛው ዋናው ነው። ሥራው መሃል ላይ ቆሞ ባንክ ከመጣ የአባታችሁ ግቢ በሐራጅ ይወጣል።

ከወራሾቹ አንዱ በአስቸኳይ ገንዘብ የሚያስፈልገው ከሆነ መካፈሉን ተዉት፣ ሽጡ። ካልተስማማችሁ ደግሞ የቀረው ፍርድ ቤት ነው፦ ቤቱ ተገምቶ በሐራጅ ይሸጣል። ጊዜ ይበላል፣ ሐራጅ ላይ የሚመጣው ገዢም በርካሽ ለመግዛት ነው የሚመጣው። በዚህ መንገድ የሸጠ ቤተሰብ ሲደሰት አላየሁም።

ቀብድና ቁልፍ

ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ውሉን ጠበቃችሁ ታንብበው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ ግን እጥፍ ይመልሳል። የተሻለ ዋጋ መጣ ብሎ ገዢ የሚያባርር ወንድም ካላችሁ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የሽያጭ ውሉ ራሱ በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረማል። ከእናንተ መካከል ያገባ ሰው ካለና ድርሻው የጋራ ነው የሚያሰኝ ነገር ካለ የትዳር ጓደኛም ይምጣ።

በልማድ አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና ቴምብር የገዢ ነው። ከሽያጩ በሚገኝ ጥቅም ላይ የሚመጣው ግብር የሻጭ ነው፤ በ2008 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 979 መጠኑ 15 በመቶ ሆኖ ተቀምጧል። መኖሪያ ቤት ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ ስላለ ሽያጩ ሳይፈረም ጠበቃችሁን ጠይቁ እንጂ ከፍላችሁ አትጠይቁ። ቀሪውን ገንዘብ በሲፒኦ (ባንክ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ተቀበሉ፤ ሲፒኦውንም ያወጣው ባንክ ራሱ ያረጋግጥላችሁ።

ቁልፍ ስታስረክቡ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፣ ስሙንም ቶሎ አስቀይሩ። እኛ ረስተን የገዢውን የሁለት ወር ውኃ ከፍለናል። ኮንክሪት የተቦካበት ውኃ።