ቶዮታ ራቭ ፎር ከ2006 እስከ 2012፦ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ሲመዘን

አዲስ አበባ ውስጥ ራቭ ፎር ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ቀጥሎ ሊብሬውን ያያል። ልጆች የሚያመላልስ ወላጅ ግን ምርመራውን ከኋላ ወንበር ቢጀምር ይሻለዋል። እዚህ የምንመዝነው ሦስተኛውን ትውልድ ነው፤ ከ2006 እስከ 2012 የተሠራውን (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ጀርባው ላይ ያዘለውን። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያሉት እዚሁ ሲነዱ የከረሙ ናቸው፤ የምትገዙት መኪናውን ከነቀድሞ ባለቤቶቹ አያያዝ ነው።

በ2016 መጀመሪያ ቶዮታ ይህን ትውልድ በዓለም ዙሪያ ለጥገና ጠርቶት ነበር። ምክንያቱ ወላጅን በቀጥታ ይነካል። ከፊት በሚደርስ ከባድ ግጭት፣ የኋላ ወንበር ዳርና ዳር የሚቀመጡ ሰዎች ቀበቶ ከመቀመጫው የብረት ፍሬም ጋር ተነካክቶ ሊቆረጥ ይችላል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ብረቱን የሚሸፍን የፕላስቲክ ልባስ ይገጠምበታል። ይሁንና ከአገር አገር እየተሸጠ እዚህ የደረሰ መኪና ጥሪው አልፎት ሊሆን ይችላል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ጠይቁ። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ፣ በ17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር ያልተጠገነ ጥሪ እንዳለበት የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ በነጻ ያሳያል። ለእኔ ይህ ልባስ የሌለው ራቭ ፎር፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጅ ሊቀመጥበት አይገባም።

እግረ መንገዳችሁን ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻ ስባችሁ አውጡ። ጠርዙ የተበጣጠሰ ወይም ፀሐይ ያደረቀው መቀየር አለበት። በድንገት ስትስቡት ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላ ነው፦ በልክ የተሰፋው የወንበር ልብስ የቀበቶውን መቆለፊያ ከሥሩ ቀብሮት ይገኛል። ያው ልብስ የፊት ወንበሮቹን ጎን አጥብቆ ከሸፈነ፣ በወንበሩ ጎን ያለው ኤርባግ በጊዜው እንዳይወጣ ያግደዋል። ውበቱ ይቅርባችሁና አስፈቱት።

ኤርባጉ እንደተሠራበት ገበያ ይለያያል። ሁለት የፊት ኤርባግ ብቻ ያላቸው አሉ፣ የጎንና የመጋረጃ (ከመስኮቱ በላይ የሚወርድ) ኤርባግ የተጨመረላቸውም አሉ። በመስኮቶቹ መካከል ባሉት ምሰሶዎችና በፊት ወንበሮቹ ጎን ላይ «SRS AIRBAG» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከግጭት በኋላ የፈነዳውን ኤርባግ ሳይተኩ መብራቱን ያጠፉበት መኪና ሊሆን ይችላል።

የልጅ ወንበር ማሰሪያው አይሶፊክስ በኋላ ወንበር ሁለቱ ዳሮች ላይ፣ በመቀመጫውና በመደገፊያው መጋጠሚያ መሐል ይገኛል፤ እጅ ሰዳችሁ ብረቱን ዳስሱ። የላይኛው ማሰሪያ መንጠቆ ከመደገፊያው ጀርባ ነው። የራቭ ፎር ትልቁ በረከት የኋላ ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተቱ፣ መደገፊያውም መጋደሉ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ለሚቀመጥ ሕፃን ወንበሩን ወደ ኋላ ስትገፉት የፊት ተሳፋሪው ጉልበቱ አይጨነቅም። ወለሉም ጠፍጣፋ ለማለት ይቻላል። ግን ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን አስገባለሁ የሚል ወላጅ ይቸገራል፤ የመሐሉ ጠባብ ነው። ሕፃኑን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ከኤርባግ ፊት፣ ከሹፌሩ ጎን አታስቀምጡት፤ በጭን ላይ ይዞ ፊት መቀመጥም በምንም መንገድ አይሆንም። ትልልቆቹ ልጆች ቁመታቸው 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ያለዚያ ቀበቶው አንገታቸው ላይ ያርፋል።

አሁን የማልወደው ነገር፦ የኋላ በሩ። ማጠፊያው በቀኝ ነው፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ ይከፈታል። እኛ በቀኝ እየነዳን በቀኝ ጠርዝ ስለምናቆም፣ በሩ ሲከፈት በእግረኛው መንገድና በዕቃ መጫኛው መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። ዕቃ ለመጫን በመኪና መንገዱ በኩል ዞሮ መምጣት ግድ ይላል። አንድ እጁ ልጅ ለያዘ ሰው ይህ አደጋ ነው፤ በቅድሚያ ልጁን አሳፍሩ፣ በሩን ዝጉ፣ ዕቃውን ከዚያ በኋላ። ጠባብ ጊቢ ውስጥ ደግሞ መኪናው ከግድግዳ ተጠግቶ ከቆመ በሩ ጨርሶ አይከፈትም። የስኮርታው ክብደት በማጠፊያው ላይ ስለሚንጠለጠል፣ በኮረኮንች መንገድ የኖረ መኪና በሩ ዝቅ ይልና መንቀጫቀጥ ይጀምራል። ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሱት፤ ከተወዛወዘ ማጠፊያው ተበልቷል። ዳገት ላይ ስታቆሙ ደግሞ በሩ ተመልሶ እንዳይመታ ልጆቹን አርቁ።

ስኮርታ የሌላቸውም አሉ። በ2009 እና ከዚያ ወዲህ ለአሜሪካ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ሲተነፍሱም ጥቂት ርቀት የሚሄዱ ልዩ ጎማዎች ይዘው የመጡ ናቸው። ጎማው ሲያልቅ ባለቤቱ ተራ ጎማ ቀይሮበት ከሆነ፣ ልጆች ይዛችሁ ገጠር መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ የምትገጥሙት የላችሁም።

ሞተሩ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በ2.4 ሊትሩ፣ በተለይ ከ2006 እስከ 2008 በተሠራው፣ ዘይት የመብላት ችግር አለ። ዘይቱ ወደ ታች የሚመለስባቸው የፒስተኑ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ይጣበቃል፣ ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ ራሱ ከልክ ያለፈ ብሎ የወሰደው በ1,900 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ ሲያጎድል ነው። ሞተሩ የሚይዘው 4.3 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ መለኪያውን ሳያይ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ሊያጣው ይችላል። ሲፈተሽ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ውረዱና ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስጡ፤ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ይበላል። ወፍራም ዘይት ማስታገሻ ነው። ፋሻውን ብቻ መቀየርም አያዛልቅም፣ ፒስተኑም አብሮ በተሻሻለው መተካት አለበት። የዚህን ሙሉ ወጪ ከዋጋው አስቀንሱ።

ከ2009 ጀምሮ ለአሜሪካ የተሠራው 2.5 ሊትር ከዚህ ችግር የራቀና ጉልበቱም የተሻለ ነው። በሌሎች አንዳንድ ገበያዎች ግን 2.4ቱ ከዚያም በኋላ ስለቀጠለ፣ ደላላ የነገራችሁን ዓመት ሳይሆን ሞተሩ ላይ የተጻፈውን እመኑ። 2.0 ሊትሩ ለጠፍጣፋ አገር ደህና ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ይህ በደንብ ይታወቃል፤ ከፊት ያለን የጭነት መኪና መቅደም ሲያስፈልግም እንዲሁ። የ2.4ቱ ነዳጅ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር አካባቢ ነው።

ከሥር በኩል አንድ ነገር በብርቱ አስፈትሹ። ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩት በ2012 ለጥገና የተጠሩት በኋላ እግር ክንድ (የኋላውን ጎማ ከሥር በሚይዘው ብረት) ምክንያት ነው። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ከተሠራ በኋላ የክንዱ ማሰሪያ ብሎን በልኩ ካልጠበቀ ይላላል፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ በመጨረሻ ክንዱ ሊለያይ ይችላል። ጋራዥ ውስጥ አስነስታችሁ የኋላ ጎማውን በእጅ አወዛውዙ፣ ዝገቱንም እዩ። መሪ ሲዞር ኳ ኳ የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የመሪው መካከለኛ ዘንግ ነው፤ ይቀየራል።

ሰባት ሰው የሚይዘው ዓይነት ሦስተኛው ረድፍ ለትናንሽ ልጆች ብቻ ነው። ጭንቅላታቸው ለኋላ መስታወቱ ይቀርባል፣ ለዕቃም ቦታ አይተርፍም። በየቀኑ ሰባት ሰው የሚያጓጉዝ ቤተሰብ ሌላ መኪና ይፈልግ።

ለኋላ ወንበር የተለየ የኤሲ መውጫ የለውም። አዳማና ድሬዳዋ ለሚመላለስ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ያለውን የአየር ማጣሪያ ግን ብዙዎች መኖሩንም አያውቁም። ኪሱን አውርዳችሁ አውጡት፤ በአቧራ ከተደፈነ ያለመሣሪያ በራሳችሁ እጅ ቀይሩት፣ ቅዝቃዜው ከኋላ ላሉትም ይደርሳል።

በእኔ ሚዛን ለቤተሰብ የሚመረጠው 2.5 ሊትር፣ ባለ አምስት ወንበር፣ የመጋረጃ ኤርባግና ስኮርታ ያለው፣ የ2016ቱ ጥገና የተደረገለት ነው። ይህ ካልተገኘ ጥገናው የተደረገለትና ዘይት የማይበላ 2.4 ይከተላል። 2.0ውን ከከተማ ለማይወጣ ትንሽ ቤተሰብ ብቻ አስቡት።