10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን፦ ከስምንት ወር በኋላ

ኢታኖል (ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ አልኮል) የተቀላቀለበትን ቤንዚን መኪናዬ ላይ መሙላት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የሞላሁትን ሊትርና የሄድኩትን ኪሎ ሜትር ደብተር ላይ የመጻፍ አመል ስላለብኝ ልዩነቱ አላመለጠኝም፤ በሊትር 12.5 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው መኪና አሁን 12.1 ነው የምትሄደው። የማደያው ተንኮል አይደለም። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ሞተሩ ግን አላጉረመረመም፤ ኢታኖል ኦክቴኑ (ነዳጁ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም አቅሙ) ከፍ ያለ ስለሆነ እንዲያውም ዳገት ላይ የነበረው መንኳኳት ቀርቷል።

ጣጣው የመጣው በሞተር ሳይክሌ ነው። ሁለት ወር ቆማ አልነሳም ስትለኝ ነዳጁን ጠርሙስ ውስጥ ቀዳሁት፤ ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ደፈርፈር ያለ ሌላ ፈሳሽ። ኢታኖል እርጥበት ይስባል፤ ሲበዛበት ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ተለይቶ ይዘቅጣል። ካርቡራተሯን ፈትቶ ማጠብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ይሁንና እኔ የገዛሁት ለአካባቢ ይሻላል ተብሎ ነው፤ መፈረድ ያለበትም በዚያ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ያ ካርቦን ለሚሊዮኖች ዓመታት ከመሬት በታች ተቀብሮ የኖረ ነው። ኢታኖል የሚለቀው ግን ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ነው። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ያምራል። ማሳው ላይ ሲደርስ ይበላሻል። በቆሎ ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ማዳበሪያው በአብዛኛው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በማዳበሪያው ምክንያት ከማሳው የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ደግሞ ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ታጥቦ ሚሲሲፒ ወንዝ የሚገባው ማዳበሪያ በየዓመቱ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ኦክስጅን ያጣ ውሃ ይፈጥራል። (በ2010 ድፍድፍ ነዳጅ የፈሰሰውም እዚያው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ ቤንዚንን ንጹሕ አላልኩም።)

ታንኬ 50 ሊትር ይይዛል። ከዚያ 5 ሊትሩ የበቆሎ ኢታኖል ከሆነ 12 ኪሎ ያህል በቆሎ ገብቶበታል፤ ሲሶ ያህሉ ለከብት መኖ ይተርፋል። ያንን በቆሎ ለመተካት ሌላ ቦታ ደን ከተመነጠረ፣ ከዛፉና ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ትርፉን ይበላዋል። በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ረግረጋማ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ፓልም የሚገኝ ባዮዲዝል (ከተክል ዘይት የሚሠራ ናፍጣ) በምንጣሮው የተለቀቀውን የካርቦን ዕዳ ለመክፈል ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ይልቅ ናፍጣ ይሻለኛል! የብራዚል ሸንኮራ አገዳ ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካው የተጨመቀውን አገዳ እያነደደ ስለሚሠራ ከውጭ የሚፈልገው ነዳጅ ጥቂት ነው።

ከአገዳ ለተሠራው አራት ኮከብ፣ ከበቆሎ ለተሠራው ሁለት እሰጥ ነበር። ማደያው ላይ የተለጠፈው ግን «አረንጓዴ ነዳጅ» ይላል እንጂ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። ሦስት ሰጥቻለሁ። ሞተር ሳይክሌ ወደ ንጹሕ ቤንዚን ተመልሳለች።