ነጩን የአትክልት ጨርቅ ከገዛሁ ወራት አለፉ፣ ዘይቱኔ ትል የለውም

ስለዚ ጨርቅ ልጽፍ የተነሳሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ግቢዬ ያለው ዘይቱን ዘንድሮ ትል የለውም። ቀንሷል ማለቴ አይደለም፣ የለውም ነው ምላችሁ። ቢሾፍቱ ግቢው ውስጥ ዘይቱን ያለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እናቴ ዘይቱን ሳትሰነጥቅ በልታ አታውቅም፣ ልጆቹም ያንኑ ነው የለመዱት፣ ከፍቶ ማየት፣ ነጩ ትል ያለበትን ጎን መጣል፣ የተረፈውን መብላት። አብዛኛው ፍሬ ደሞ ሳይነካ ወድቆ መሬት ላይ ይበሰብስ ነበር።

ጨርቁ ያው ስሱ ነጭ ጨርቅ ነው፣ ማስክ ሚሰራበት ዓይነት፣ ብርሃንና ውሃ ያሳልፋል ነፍሳት አያስገባም። የእርሻ ግብዓት ሱቅ በሜትር ይሸጣል። የገዛሁት ለጎመን ነበር፣ ጎመኑ ላይ በደንብ ሰርቷል፣ የእሳት እራት እንቁላሏን መጣል ስላልቻለች ቅጠሉ ወንፊት ከመሆን ድኗል። ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ ሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ግን ችግኙ ላይ ተደብቆ አብሮ ከገባ ውስጥ እንደልቡ ይራባል፣ ምክንያቱም ሚበላው ጥንዚዛ ውጪ ቀርቷል፣ ስለዚ ገለጥ እያደረጋችሁ የቅጠሉን ጀርባ እዩ። ስለ ጎመን ይሄ ይበቃል።

የተረፈኝን ጨርቅ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ትንንሽ ከረጢት አሰፋሁት፣ ወርዱ ስንዝር ምናምን ቁመቱ ትንሽ ረዘም ያለ፣ ከዛ ዘይቱኑ ገና አረንጓዴና ድንጋይ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱን ፍሬ አልብሼ አፉን ከቅርንጫፉ ጋር በሲባጎ አሰርኩት። ሻጩ ሲሰማ "እህቴ፣ ይሄ ለመደብ ነው፣ ዛፉን ማላታይን አስረጪው" ነበር ያለኝ፣ የተባይ መርዙን ማለቱ ነው።

እስቲ ልጠይቅህ ወንድሜ፣ ማላታይኑ ትሉን የት ያገኘዋል? የፍራፍሬ ዝንቧ ፍሬው ወደ መብሰሉ ሲጠጋ ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከስሩ ነው ምትጥለው። ትሉ እዛው ይፈለፈላል፣ እዛው እየበላ ያድጋል፣ ሲጨርስ ወጥቶ አፈር ይገባና ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። አንተ ላይ ላዩን ምታስረጨኝ ነገር ያቺን ዝንብ ቢገድላት እንኳ ከጎረቤት ግቢ ሌላ ትመጣለች፣ ከእስያ የመጣችው ዝርያ እኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ላይ ታይታ ነው የአፍሪካን ብዙ አገር ያዳረሰችው፣ የኔ አጥር አያግዳትም። ደሞ ልጆች ዛፍ ላይ ወጥተው ሚበሉት ፍሬ ነው። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ይጠበቃል ስልህ "ታጥቦ ይበላል" አልከኝ። ይሄ መልስ አይደለም፣ እስካሁን ያናድደኛል።

ማስረጃ ከፈለግክ ና እና ዛፉን እይ። ላይኛው ቅርንጫፍ ጋ መሰላል ስላልደረሰ ሳይለብስ ቀርቷል፣ ያ ዘንድሮም ትላም ነው። ከስር የለበሰው ከዛው ዛፍ፣ ከዛው አፈር፣ ንጹህ ነው። እናቴ የመጀመሪያዎቹን እንደልማዷ ሰነጠቀች፣ አየች፣ ሌላ ሰነጠቀች፣ ከዛ በኋላ እንዳለ መግመጥ ጀመረች።

ፌስታል አይሻልም ወይ ላላችሁኝ፣ አይሻልም፣ ፌስታል ውስጡ ያልበውና ፍሬው ይሻግታል፣ ጋዜጣ ደሞ አንድ ዝናብ አይችልም። ከረጢቱን ሰፋ አድርጋችሁ አሰፉ፣ ፍሬው ላይ ከተለጠፈ ዝንቧ በጨርቁ አሳልፋ ልትወጋው ትችላለች። አፉ ደሞ ጥብቅ ይበል፣ ጉንዳን ትንሽ ክፍተት ይበቃዋል።

ጉድለት ካላችሁኝ ፀሐይ ነው። "አይቀደድም" ተብዬ የገዛሁት ጨርቅ ጎመኑ ላይ የዋለው ጠርዙ መፈርፈር ጀምሯል፣ ለፀሐይ የታከመ ዓይነት አለ፣ ስትገዙ እሱን ጠይቁ። የዛፉ ከረጢቶች ቅጠል ስላጠለላቸው ደህና ናቸው፣ አጥቤ አስቀምጫቸዋለሁ። የሌሊት ወፍ ጥቂቱን ቀዶ በልቷል፣ ለሱ ይሄ ጨርቅ አቅም የለውም። ማሰሩም ያደክማል፣ ትልቅ እርሻ ላለው ሰው ኑ ግዙ አልልም፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ዛፍ ላለው ግን ሳላቅማማ ግዙ እላለሁ፣ ጎመን ባይኖራችሁም ለዘይቱኑ ብቻ።

አሁን እህቴ አዲስ አበባ ግቢዋ ያለውን ኮክ ልናለብስ ነው፣ እሱም ትል እየጨረሰው ሳይበላ ነው ሚያልፈው። አበባው ላይ አይታሰርም፣ ንብ መግባት አለበት፣ ፍሬው ብይ ሲያክል ነው ምንጀምረው፣ ጨርቁን ግን ካሁኑ ገዝቼላታለሁ፣ ለፀሐይ የታከመውን።