የፌሮና የአርማታ ትምህርት በስልክ፦ ለተለማማጆቼ ከፍዬ ያየሁት

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ በምመራው የጂ ፕላስ ሁለት ሥራ ላይ ፌሮ የሚያስሩና ካሳፎርማ (አርማታ የሚሞላበትን ቅርጽ) የሚመቱ አራት ተለማማጆች አሉኝ። በቴሌግራም የሚሰጥ የአርማታ ሥራ ትምህርት ከፍዬላቸው አብሬያቸው ተከታተልኩ። ለአንድ ሰው 600 ብር ነው፣ በቴሌብር ይከፈላል። የፌሮው ክፍል ከዋጋው በላይ ነው። የተሞላ አርማታን ውኃ ስለ ማጠጣት ያለው ግን የእኛን ከተማ አያውቃትም።

ከፌሮው ልጀምር። ካሜራው ከባለሙያው ትከሻ በላይ ሆኖ እጁን ያሳያል። ፊት ለፊት በተቀረጸ ቪዲዮ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ጀማሪው ስታፋ (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚይዘውን ቀለበት) ማጠፉን ትቶ ቀኝና ግራ ሲያገላብጥ ይውላል። እዚህ ግን ያየውን እንዳየ ይሠራዋል። አንድ ቪዲዮ አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ማጠፍ ለብቻ፣ በሽቦ ማሰር ለብቻ፣ ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቀውን ስፔሰር ማስቀመጥ ለብቻ። አጫጭር ስለሆኑ ልጆቹ ዋይፋይ ካገኙበት አውርደው ይመጡና ፌሮው አጠገብ ቆመው ይከፍቷቸዋል። ዳታ በሳንቲም ለሚቆጥር ተለማማጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የወደድኩት ፈተናው ነው። ስሕተት ያለበት የሥራ ፎቶ ይመጣና «ምን ጎደለ?» ይላል። አንዱ ላይ የስታፋው ጫፍ 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ቀርቷል። ጫፉ 135 ዲግሪ ዞሮ ወደ ኮሎኑ ውስጥ ካልገባ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከውጭ የሸፈነው ኮንክሪት ይረግፍና ስታፋው ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ዋናው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ድሬ የስምጥ ሸለቆ ዳር ናት፤ በ2017 ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ሰምተናል። ከልጆቹ አንዱ ፎቶውን ባየ ማግሥት ሌላ ቡድን አስሮት ወደሄደ ኮሎን ወሰደኝና «ጋሼ፣ ይሄም እንደዚያው ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አስፈትቼ እንደገና አሳሰርኩት። ለዚህ ብቻ ብከፍል አይቆጨኝም።

ልጆቹ የሠሩትን ፎቶ አንሥተው ይልካሉ፤ አስተማሪው ጉድለቱን በቀይ አክብቦ በድምፅ ያስረዳቸዋል። እርማቱ ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንዴ ሦስት ቀን ይቆያል። በሦስት ቀን ያ ፌሮ አርማታ ተሞልቶበታል! አስተማሪው ካልደረሰ የሥራው ፎርማን አይቶ የሚያጸድቅበት መንገድ ቢከፍቱ ብዙ ይቃለላል።

ውኃ የማጠጣቱ ክፍል «ጠዋትና ማታ» ብሎ ያልፋል። የተቀረጸው ደጋ ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ ጃኬት ለብሰዋል። በድሬ የግንቦት ፀሐይ ጠዋት የረጠበ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ቀትር ሳይደርስ ይደርቃል። ውኃው ቶሎ ሲተን ላዩ ይሰነጠቃል፣ ሲሚንቶውም ከውኃው ጋር ሠርቶ ሳይጨርስ ስለሚቀር የሚጠበቅበትን ጥንካሬ አያገኝም። እኛ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ እንሞላለን፤ ከዚያ በጆንያ ሸፍነን ጆንያው እንዳይደርቅ ቢያንስ 7 ቀን እናርሰዋለን። ደግሞም ሙቀቱ ድብልቁን ቶሎ ሲያደርቀው ልጆች ለመግፋት እንዲቀላቸው ውኃ ይጨምሩበታል። ኮንክሪት ከሚያዳክሙት ነገሮች ዋነኛው ይህ ሆኖ ሳለ አንድ ቃል አልተነገረበትም።

ከአራቱ ሁለቱ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይቀናቸዋል። የፌሮውን ቪዲዮ እጁን እያዩ ያለ ችግር ተከተሉት። የደኅንነቱ ክፍል ግን ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱም ቀሩ። ከመወጣጫ መውደቅን የሚያስጠነቅቅ ትምህርት ማንም የማይቀርበት ሆኖ መዘጋጀት ነበረበት፤ በሦስቱም ቋንቋ በድምፅ ቢያደርጉት ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

ፌሮ ለሚጀምር ልጅ ያለ ማመንታት ግዙለት። መሙላቱንና ማጠጣቱን ግን ድሬ ላይ የሠራ ፎርማን ሶሌታው ላይ አውጥቶ፣ ጆንያውን በእጃቸው እያስነካ ያስተምራቸው።