ሐይቅ ደርሶ መልስ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፣ ከኮምቦልቻ የምትመጡ ግን ደሴ ላይ መኪና መቀየር ሊኖር ስለሚችል በጊዜ ተነሱ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ያሰለቻል፣ ረዳቱ ደግሞ የሶስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ይጨምርና "ጠጋ ጠጋ በሉ አቦ" ይላል። ውሃው ዳር ያለው አሳ ቤት ግን ወላሂ ይክሳል! አሳው ሙሉውን ጎኑ ተተልትሎ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ነው የሚመጣው፣ ላዩ ኩርሽም ኩርሽም ይላል ውስጡ እርጥብ ነው፣ እንጀራው ደረቅ ስለነበር በዳቦ ብሉት። ዋጋው እንደ አሳው መጠን ስለሆነ ሳይጠበስ አሳዩኝ በሉ፣ አይቆጡም አብሽሩ። በዚያው እስጢፋኖስን ለማየት ካሰባችሁ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ማለት ነው፣ ሴት አይገባም፣ ከሚስቱ ጋር የሚሄድ ቀድሞ ይንገራት።