ያገለገለ ዱዋልሾክ 4 ጆይስቲክ ያዋጣል?
በፈረንጆቹ 2013 ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር የወጣው ዱዋልሾክ 4 አያያዙ ዛሬም አያሳፍርም። ደካማ ጎኑ አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ ነው። ሳይነኩት በጌሙ ውስጥ ያለው ተጫዋች ብቻውን ወደ ጎን ከተራመደ፣ ከሥሩ ያለው ፖቴንሽዮሜትር (የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍል) አቧራ ገብቶበታል፤ አለዚያም የካርቦን ንጣፉ ተፍቋል። የጀርባውን 4 ቪቴ በትንሽ የመስቀል ካቻቢቴ ፈቶ በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ማጽዳት ለጊዜው ያስታግሳል። ንጣፉ ካለቀ ግን ፖቴንሽዮሜትሩ ተነቅሎ ሌላ መበየድ አለበት፤ ይህ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ሲከፍቱት ደግሞ ቀስ ይበሉ፣ ሁለቱን ክዳኖች የሚያያይዘው ሪባን (ጠፍጣፋ ገመድ) ቀጭን ነው።

ባትሪው 1000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ነው፣ ትንሽ ነው። የጆይስቲኩን መብራት ከፕሌይስቴሽኑ ሴቲንግ ማደብዘዝ ጥቂት ይረዳል።

ከመክፈልዎ በፊት ጆይስቲኩን አጥፍተው ቻርጅ ላይ ይሰኩት። ብርቱካናማው መብራት ቀስ እያለ መብራትና መጥፋት አለበት፤ ገመዱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ከተቋረጠ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳው ላልቷልና ዋጋ ያስቀንሱ።